ወለድ በጳጉሜ አይሠራም

የአንኮበሯ ወይዘሮ ቦሰና ደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የበግ ፀጉር ውጤቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሃምሳ የባና ብርድ ልብስ ሸጠው ገንዘባቸው ስለቀረባቸው ከሰሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈረደላቸው። ጽሕፈት ቤቱ የባናውን ዋጋ መቶ ሺህ ብር፣ ክስ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በዓመት ዘጠኝ በመቶ ወለድ ጨምሮ ይክፈል፤ ስሌቱንም ራሱ ሠርቶ ያቅርብ ተባለ። ባለዕዳ ዕዳውን ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ወይዘሮ ቦሰና ግን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመጡ መኪና ውስጥ አስልተው ጨርሰዋል። መቶ ሺሁ ፀጉር ላበደሯቸው ሰዎች ይሄዳል። ወለዱ ሃያ ሰባት ሺህ ነው፤ ቆርቆሮ ዘጠኝ መቶ ብር ነው፤ ስለዚህ ሠላሳ ቆርቆሮ። ቤታቸው ያፈሳል፤ ክረምት ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል።

የጽሕፈት ቤቱ የሒሳብ ባለሙያ አቶ ገብረአማኑኤል በአክብሮት ወንበር ሳቡላቸው።

«መጀመሪያ ጳጉሜ ይወጣል» አሉ።

«ለምን፣ ልጄ?»

«እኔ በጳጉሜ ደመወዝ አይከፈለኝም። እኔ ዲግሪ ይዤ ያላገኘሁትን፣ ወለዱ በየትኛው የትምህርት ደረጃው ያገኘዋል?»

ጳጉሜ ወጣ። ቅዳሜና እሑድም በዚሁ ወጣ። ቀጥሎ በዓላት መጡ።

«እማማ፣ በሚካኤል ቀን ባና ይሠራሉ?»

«ኧረ እግዜር ያውጣኝ።»

«ታዲያ እርስዎ የሚያከብሩትን ቀን ወለድዎ ይሻረው?»

«አይ፣ እሱስ አይሻር» አሉ ወይዘሮ ቦሰና፣ ፊታቸውን አማትበው። በዚህች አንዲት ቃል ስንት ቆርቆሮ እንደሄደ እኔ መቁጠር አልፈልግም።

ፍርድ ቤት የተዘጋባቸው ክረምቶች ተቀነሱ። መብራት የጠፋባቸው፣ ስብሰባ የዋለባቸው ቀናት ተቀነሱ። የሥራ አስኪያጁ አክስት ጫጫ ከተማ የተቀበሩበት ዕለትም ተቀነሰ። «ሁላችንም ቀብር ሄደን ወለዱ ብቻውን ቢሮ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ሰው ምን ይላል?» ሲሉ አቶ ገብረአማኑኤል ጠየቁ። ወይዘሮዋም ነፍስ ይማር አሉ።

በመጨረሻ ወለዱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባ ሦስት ቀን መሥራቱ ተረጋገጠ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር፤ ሁለት ቆርቆሮ።

«ታታሪ ነው፤ ከእኛ ይሻላል» ብለው አቶ ገብረአማኑኤል ሌላ ወረቀት ገለጡ። «አሁን ደግሞ ከእኛ የተከራዩት ሱቅ አለ። የሦስት ዓመት ኪራይ አዘግይተዋል።»

«የባናዬን ዋጋ ስላልከፈላችሁኝ ነዋ።»

«መቀጫው በቀን ሃያ አምስት ብር ነው። አንድ ሺህ ዘጠና ስድስት ቀን፤ ሃያ ሰባት ሺህ አራት መቶ ብር። ከፍርዱ ገንዘብ ላይ እናስቀረዋለን።»

«እሑድስ?»

«ተቆጥሯል።»

«ሚካኤልስ?»

«ተቆጥሯል።»

«የጫጫው ቀብርስ?»

«መቀጫ ዘመድ የለውም፣ እማማ። ለቅሶ አይደርስም።»

ወይዘሮ ቦሰና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ተናደዋል፤ ሳቃቸውም መጥቷል።

«እንግዲያው ልጄ፣ ወለዴን ወደ መቀጫ ክፍል አዛውርልኝ። እዚያ ከሥራ የሚቀር የለም።»

አቶ ገብረአማኑኤል አልሳቁም። የዝውውር ቅጽ አውጥተው ሞሉና ማኅተም አደረጉበት።

«ዝውውር የሚታየው በጳጉሜ ነው» አሉ።

«በጳጉሜ ማን ቢሮ ይገባል?»

«ማንም አይገባም» አሉ አቶ ገብረአማኑኤል። «መቀጫው ብቻ ነው የሚገባው።»