ክቡር ሚዛን፣ ሁለት ስልክና የኔ አንገት

አዲስ ነገር ገዝታችሁ ደስ እያላችሁ ቢሮ ስትገቡ፣ ዕቃችሁን ከሌላ ዕቃ ጋር አስተያይቶ ደስታችሁን በግማሽ የሚቀንስ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ጫማ ከሆነ ሶሉን አጥፎ ያያል። ጃንጥላ ከሆነ ዘንጎቹን ይቆጥራል። «መጥፎ አይደለም» ይላል፤ ዕቃውን ይመልስላችሁና «ግን ያኛውን አይተኸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ያኛውን አላያችሁትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ያኛው ከሐሳባችሁ አይወጣም።

የእኛ ማተሚያ ቤት አወዳዳሪ ክቡር ሚዛን ይባላል። «ሚዛን» ያልኩት እኔ ነኝ፤ «ክቡር» የምትለዋን ራሱ የጨመራት ይመስለኛል። የቀለም ተቆጣጣሪ ነው። የደንበኛውን ናሙና በግራ፣ ከማሽን የወጣውን ወረቀት በቀኝ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በማጉያ መነጽር ያያል። «ቀዩ ትንሽ ከብዷል» ካለ ማሽኑ ይቆማል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለም ላይ ተሳስቶ አያውቅም። ክፋቱ ከሥራ ሲወጣም ማጉያውን አይተወውም። ምሳ ላይ ሁለት ዓይነት ሾርባ ያዝዛል፤ ከዚህ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ እያለ ሁለቱም ይቀዘቅዙበታል፤ ከዚያ ሁለቱንም ያማርራል።

ይህን የምጽፈው አንገቴ ላይ ፋሻ ተለጥፎ ነው። ከግራ ጆሮዬ በታች ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረችኝ። ባለፈው ሳምንት ተቆርጣ ወጣች፤ ቁራጯ ላብራቶሪ ሄዳለች፤ ካንሰር ይሁን አይሁን ዓርብ ይነገረኛል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሐኪሟ «እስከዚያ አይጨነቁ» ብላኛለች። እስከዚያ ካልተጨነቅሁ መቼ ልጨነቅ ነው? ባለቤቴ ያልተጨነቀች ለመምሰል የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ስለ ክቡር ሚዛን እጽፋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

የጀመረው ሚስቱ ስልክ የገዛች ቀን ነው። መምህርት ናት፤ ሳታማክረው፣ በቅርቡ የወጣውንና ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ስልክ ገዝታ ገባች። ክቡር ሚዛን ደግሞ ለዓመታት ከአንድ ስልክ ዘር ወጥቶ አያውቅም፤ የያዘውን ስልክ የነካበት ሰው የሥጋ ዘመዱን እንደነካ ይቆጥረዋል። የስልኮቹን ስም አልጠራም፤ በኋላ ጣጣ ያመጣብኛል። የሱን «ነባሩ»፣ የሚስቱን «አዲሱ» እላቸዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት የአንድ ወር ፈተና አወጀና የሚስቱን ስልክ ኪሱ ከቶ ቢሮ መጣ። ምስኪኗ ወር ሙሉ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ይዛ ማስተማር ሆነ ዕጣዋ።

«ስልኬን መልስልኝ» አለችው አንድ ቀን፤ እኔም በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሰምቻታለሁ። «ካልሆነ አንተንም ከሰው ባል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት እጀምራለሁ።»

«በምን መለኪያ?» አላት እሱ፤ የምሩን ነበር።

ፈተናው ጉድ ነበር። የድምፅ ጥራት ለመመዘን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ራሱ ይደውልና አንዱን በግራ ጆሮው፣ ሌላውን በቀኙ ይዞ ወረቀት መጋዘን ውስጥ ይዞራል። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» «እኔ ነኝ።» «ይቆራረጣል፤ እስቲ ድገመው።» የሁለቱን ባትሪ እኩል ለማድከም ሁለቱም ላይ አንድ ፊልም ከፍቶ ጀርባቸውን እየዳበሰ ሙቀታቸውን ይለካል፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ የያዘ ይመስላል። ሁሉንም በደብተር ይጽፋል።

ወደ ካሜራው ሲደርስ የማይንቀሳቀስ ነገር አስፈለገው። እኔ አራሚ ነኝ። መስኮቱ ሥር፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ተቀምጬ አቀርቅሬ አነባለሁ። «አንተ ስታርም ችካል ነህ» አለኝ፤ ሙገሳ መሆኑ ነው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከኋላዬ ይመጣል፣ በብረት ማስመሪያው ከአንገቴ አርባ ሳንቲ ሜትር ይለካል፣ በነባሩ አንድ፣ በአዲሱ አንድ ያነሳል። ጆሮ፣ ኮሌታ፣ ጥቂት ሽበት፣ ጥቁር ነጥብ። «ጎን ለጎን!» ይላል ሁለቱን ስልኮች እፊቴ ደርድሮ። እኔ እንኳን ልፈርድ ከኋላ የማን ዘመድ እንደምመስል ገና ማወቄ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ በርቶ መጣ። በአዲሱ ስልክ ፎቶ ላይ ነጥቧ አንድ ጎኗ ተቦጫጭቃ፣ ጥግዋ ከመሀሏ ይበልጥ ጠቁራ ትታያለች። በነባሩ ላይ ግን ክብ፣ ለስላሳ፣ ቡናማ ናት።

«ይኸው ያዝኩት» አለ። «አዲሱ ይዋሻል። ጥቁር ይጨምራል፣ የሌለ ጠርዝ ይፈጥራል። እኔ ስል ነበር።»

እሱ የቀለም ሊቅ፣ እኔ የስህተት አዳኝ፤ ሁለታችንም ሥራችንን ያዝን። የጥረዛ ክፍል ሰዎች ተጠርተው መጡ፤ ግማሹ ለነባሩ፣ ግማሹ ለአዲሱ ፈረደ። የማተሚያ ቀለም ተፈናጥቆብኝ እንዳይሆን ተብሎ በማሽን መጥረጊያ ጨርቅ ታሸሁ። መስኮቱ ተወልውሎ እንደገና ተነሳሁ። ሚስቱ ተደውሎላት «ስልክሽ ቀለም አያውቅም» ተባለች። ስምንት ቀን ሙሉ እንዲህ ተከራከርን። በስምንቱ ቀን አንገቴን ራሱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ክቡር ሚዛን ስልኮቹን ሳይሆን ወረቀት ይዞ መጣ። ለሚስቱ የመጨረሻውን ማስረጃ ሊያቀርብላት ፈልጎ፣ ነባሩ ስልክ በመጀመሪያው ቀን ያነሳውንና የዕለቱን ፎቶ በእኩል መጠን አትሞ ጎን ለጎን ሲያያቸው ነው የደነገጠው። አጠገቤ ቆመ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ተነስ» አለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ነባሩም አይቷታል።»

ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ነጥቧ በወር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሜትር ሰፍታለች። ከዚያ ማጉያውን አወጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አንገቴን አየ፤ ትንፋሹ ቆዳዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ቆየ። ይህ ሰው ቀለም ለማየት ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቶ አያውቅም።

«ጃኬትህን ልበስ» አለ።

በሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ጥንድ ፎቶ በቀን ቅደም ተከተል ደረደረላት። ማንም ሳይጠይቀው ርቀቱንና ሰዓቱን ነገራት። አንድ በአንድ አየቻቸውና በዚያው ቀን አስተኝታኝ ነጥቧን ቆረጠቻት። ደም የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ ጥድፊያዋን ነው የፈራሁት።

ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስፈራኝ ክቡር ሚዛን ነው። ማወዳደር ትቷል። ትናንት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አዲስ ጫማ ገዝታ፣ ሊያጣጥልላት ይሆናል ብላ እፊቱ ወዲያና ወዲህ ብትል «ደስ ይላል፣ በደህና ልበሺው» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ቢሮው ሁሉ ከሥራው ቀና አለ። ሚስቱ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ምን አድርጋችሁ ነው የላካችሁልኝ? ስልኬን ሳልጠይቀው መለሰልኝ፤ ያቀረብኩለትን ሁሉ ዝም ብሎ ይበላል።» ምን ልበላት? እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያሳዝን ፊት ይዞ ሲያየኝ የማላውቀውን ነገር የሚያውቅ ይመስለኛል። ሐኪሟ ለኔ ያልነገረችኝን ለሱ ነግራው ይሆን? ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ተነስቼ ሁለቴም ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ጽሑፉን አቋርጬው ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከሐኪሟ ዘንድ መምጣቴ ነው።

ሳልጠራው መጣ፤ ከረባት አስሮ። መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንገባ ሐኪሟ ወረቀቱን አንዴ አንብባ ወደ እኔ ዞረች።

«መጥፎው ነገር ጀምሮ ነበር» አለች። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። «...ላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ዙሪያው ሁሉ ንጹህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። በየሦስት ወሩ እየመጡ ይታያሉ እንጂ ሌላ ሕክምና አያስፈልግዎትም።»

«ወጥቷል ማለት አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ ማለት ነው።»

አመስግኜ ተነሳሁ። ክቡር ሚዛን አልተነሳም። ጠረጴዛዋ ላይ ባለ መብራት ማጉያ ተቀምጧል፤ በቃ አሁን ከሱ ማጉያ ጋር ሊያወዳድረው ነው፣ ልንዋረድ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ዶክተር» አለ፣ ከረባቱን እየነካካ። «ስምንት ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር?»

«የምን ስምንት ቀን?»

«ስልኩ አሳይቶኝ ነበር። እኔ ነኝ ስልኩ ዋሸ ያልኩት። ስምንት ቀን አስቀመጥኩት።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። በዕድሜ ልጁ ልትሆን ትችላለች። «አባቴ፣ በዚህ ላይ ስምንት ቀን ለውጥ አያመጣም» አለችው። «ሰው ዓመት ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ።»

«ምንም ለውጥ የለውም?»

«ምንም።»

«ሌላ ሐኪም ቢጠየቅም?»

«ሌላ ሐኪም ቢጠየቅም።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊነሳ ጠረጴዛውን ያዘ፤ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሥር ቀን ሙሉ የራሴን ውጤት ብቻ ስጠብቅ፣ እሱ የሱን እየጠበቀ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። እኔም ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሐኪሟም በሩን ገርበብ አድርጋ ተረኛውን በሽተኛ ትንሽ እንዲታገስ ለመነችልን።