ያዢ፣ ልቀቂ

ሰው ቤት ጆሮዬን ጥዬ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቢቸና ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን ስለማውቅ ነው፤ አብዛኛውንም የሚሰሙት ከእኔው ነው። የእኔ ጆሮ ያለው እዚሁ ቤቴ ውስጥ፣ ራሴ ላይ ነው። የሰው ድምፅ ነው እንጂ ኮርኒሱን ተሻግሮ የሚመጣብኝ። ኮርኒሳችን ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ስለሆነ የግቢያችን ሦስት ክፍሎች ግድግዳቸው ሦስት ቢሆንም ትንፋሻቸው አንድ ነው። በግራዬ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ አሉ፤ ሲያስነጥሱ "ይማርዎ" የምላቸው እኔ ነኝ፣ ከዚህ ሆኜ። በቀኜ ደግሞ ሲስተር ትዕግሥት አለች፤ ከአዋሳ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ። ሻይዋን ስታማስል ስኳሩ መሟሟቱን ከእሷ በፊት አውቃለሁ።

እንዲህ ያለ ቤት ድሮ በረከት ነበር። አሁን ግን ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ድሮ በር ሲንኳኳ "ግቡ" እንል ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የምናደርገው ሬዲዮኑን መቀነስ ነው። ቀጥሎ መተያየት። ሰው ታገተ ሲባል "እውነት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል፤ "የማን ልጅ?" ነው የምንለው። እና በዚህ ዘመን ብዙ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው፣ እመኑኝ፣ ብዙ አይተኛም።

ቅዳሜ ነው። ከገበያ ተመልሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። ጠዋት የጠፋው መብራት መጣና ብዙም ሳይቆይ ከሲስተር ቤት የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሲስተር ቤት ወንድ ገብቶ አያውቅም። ቢገባ ኖሮ ይህን ወግ ቀደም ብላችሁ ትሰሙት ነበር።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አላት። "እጆችሽን ወደ ላይ አንሺ። ከፍ፣ ከፍ። እንደሱ።"

ቢጮህ እኮ ይሻለኝ ነበር። የሚጮህ ሰው እሱም ፈርቷል ማለት ነው። ይህ ግን ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የማይቸኩል፣ የትም የማይሄድ። እሷ ትንፍሽ አላለችም።

"አሁን ቀስ ብለሽ ተንበርከኪ። ግንባርሽን መሬት አስነኪ። እንዳትንቀሳቀሺ።"

ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የእኔ እጅ ወደ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሰፌዱ ተገልብጧል፣ ምስሩ ወለሉን ሞልቶታል፣ እኔ ተንበርክኬ ግንባሬን ምስሩ ላይ ደፍቻለሁ። ያየኝ የለም፣ ያዘዘኝም የለም። እንደዚያው እንደተደፋሁ ስልኬን ከደረቴ አወጣሁና ሞጣ ላለችው እህቴ ደወልኩ። በሹክሹክታ ነገርኳት።

"ታዲያ ለእኔ ምን ታንሾካሹኪያለሽ? ጩኺ እንጂ" አለችኝ።

ሞጣ ቁጭ ብሎ ቢቸና ላይ መጮህ ቀላል ነው። ዘጋሁባት።

"ትንፋሽሽን ያዢ" አላት ሰውዬው። ያዝኩ። "ልቀቂ።" ለቀቅሁ። "አትፍሪ። እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ይሄኔ "እኔም አለሁ" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። በማያገባኝ ጉዳይ ሁሉ ሁለት ሺህ ቃል የማላጣ ሴት፣ ሁለቷ ቃል ከአፌ ሳትወጣ ቀረች።

"አሁን በጀርባሽ ተጋደሚ። ሬሳ ነሽ። ሬሳ አይንቀሳቀስም።"

ከዚያ ዝም አለ። የሚሰማ ነገር ጠፋ፤ በእኔ ቤት ታሪክ ሆኖ የማያውቅ ነገር። ይህች ልጅ እኮ በየእሑዱ ደም ግፊቴን እየመጣች የምትለካልኝ፣ በምስጋና አንድ እንቁላል ብሰጣት እንኳ አልቀበልም የምትል ልጅ ናት። እናቷ አዋሳ ቁጭ ብላ "ደግ ጎረቤት አላት" እያለች ትጽናናለች። ተነሺ፣ ተነሺ እላለሁ ለራሴ። እንዲያውም በጀርባዬ ተጋድሜያለሁ፤ ሬሳ ሲል ጊዜ እኔም ዞሬ ኖሯል።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አትጠይቁኝ። አንዲት ትንሽ ደወል "ድን" አለች። የሲስተር በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ የራሷን እግር ኮቴ ለየሁት። ዘልዬ ወጣሁ። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ላቧን እየጠረገች፣ ፊቷ ወዝ በወዝ ሆኖ ቆማለች። መሪጌታም ከበራቸው ብቅ አሉ። ጋቢያቸው ጉልበታቸው ላይ አፈር ጠጥቷል፤ ግንባራቸውም እንዲሁ።

"እትዬ ሙሉ፣ ግንባርዎ ላይ ምስር ተጣብቋል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላማ ምን ይደበቃል። ነገርናት። በሳቅ ፈነዳች። ዮጋ የሚሉት ስፖርት ነው፣ ሬሳ የተባለውም መጨረሻ ላይ ተጋድሞ ማረፊያው ነው አለች፤ በሽተኛ ስታነሳና ስትጥል ወገቧ ተይዞባት፣ አዲስ አበባ ሴቶች የሚያሠለጥን ሰው ድምፁን ቀድቶ በስልክ ይልክላታል። በፊት በጆሮ ማዳመጫ ነበር የምትሰማው፤ ያን ቀን ተበላሽቶባት በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሠራች። መሪጌታ ምን ምን እንደሚደረግ ጠይቀው ሲረዱ "ስግደት ነዋ፣ ጸሎቱን ነው የረሳችሁት" አሏት። እኛም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከጥርሳችን አላለፈም።

በመካከል እሷ ብቻዋን መሳቋን አቆመች።

"ቆይ ግን፣ ሰምታችሁኝ ነበር ማለት ነው? ሁለታችሁም?"

ምስሩን ከግንባሬ አራገፍኩ።

"እውነት ቢሆን ኖሮስ?"

መሪጌታ አፈር የጠጣውን ጋቢያቸውን ጎንበስ ብለው አዩት። "ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰሙ ስፖርት ነበር። ወርቁ እኛ ነን።"

በማግስቱ አዲስ ማዳመጫ ገዛች። ሰላምታዋ አልቀረም፣ የደም ግፊት መለኪያዋም አልቀረም። ግን ከዚያ ቤት ድምፅ ጠፋ። ሻይዋን እንኳ በጣቷ የምታማስል እስኪመስለኝ ድረስ። ድሮ የምፈራው የምሰማውን ነበር፤ አሁን የማልሰማውን ፈራሁ፤ ይኸኛው ደግሞ ይብሳል። በሦስተኛው ቀን በሯ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብኝም፤ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ያን ሰውዬ በድምፅ ልቀቂው" አልኳት። "'ሬሳ ነሽ' ሲልሽ ግድግዳውን አንድ ጊዜ እመታለሁ። አንቺም አንድ ጊዜ ምቺ። ሬሳ አይመልስም።"

ትንሽ አየችኝና ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለች።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ከሥራ ስትመለስ ሰውዬውን ትለቀዋለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ በማማሰያ አንድ እመታለሁ፤ ወዲያው "ቋ" ይመልስልኛል። እግረ መንገዴን እኔም አብሬ እሠራለሁ፤ ለጥበቃ ነው እንጂ ለወገቤ ብዬ አይደለም። ወገቤ ተሽሎታል። ይህን ለእህቴ እንዳትነግሩብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ "ሬሳ ነሽ" አላት። መታሁ። መልስ የለም። ደገምኩ። የለም። ሦስተኛውን ስመታ ማማሰያው ተሰበረ።

ፍርሃቱ ያው ፍርሃት ነው። ግን በሩ ላይ ራሴን አገኘሁት። መሪጌታ ቀድመውኛል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፣ መቋሚያቸውን እንደ ዱላ ጨብጠዋል። አልተነጋገርንም።

"እኔም አለሁ!" ብዬ ጮህኩ፣ ሞጣ ድረስ። በሩን በትከሻችን ገጨነው፤ መቀርቀሪያው ከነሚስማሩ ወለቀ።

ሲስተር ምንጣፏ ላይ ተዘርራለች። ታንኮራፋለች።

ብድግ አለች፤ የእኛን ፊት፣ የወለቀውን መቀርቀሪያ፣ የመሪጌታን ባዶ እግር ተራ በተራ አየች። አልሳቀችም። ዓይኗ ውሃ ሞላ። በመካከላችን ስልኩ ብቻ ምንም ሳይደነግጥ በዚያ ለስላሳ ድምፁ "አሁን ፍርሃት ሁሉ ከውስጥሽ ወጥቷል" ይላል።

ይዋሻል። ፍርሃቱስ አልወጣም። እኛ ግን ወጥተናል።