ቀን የማይስቱት እትዬ ተሻለች

በየሰፈሩ የሰውን ሁሉ ዕድሜ የሚያውቅ፣ የራሱን ሲጠየቅ ግን ወሬ የሚያስቀይር አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለሐይቅ ከተማ ሰዎች የደረሱን እትዬ ተሻለች ናቸው።

የክርስቲያኑን ልደት በታቦቱ ቀን፣ የሙስሊሙን በረመዳንና በረጀብ ይዘውታል። "ቀን አልስትም" ይላሉ፤ አይስቱምም።

የሰፈራችን ልጅ ዝናው ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ የላከ ዕለት፣ ሽማግሎቹ "ልጃችን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው" ሲሉ ክብርት ዕድሜ ጠባቂያችን ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ሠላሳ ሁለት? ከኔው ልጅ ከፋሲካ ጋር በአንድ ሰሞን አይደል እንዴ የተወለደው። አርባ አንድ ከሁለት ወር ከስድስት ቀን።"

ልጅቱ "ስድስቱን ቀን ትቼለታለሁ" ብላ አገባችው።

ጡረታ ላለመውጣት አምስት ዓመት የቀነሰ ባልደረባዬን ደግሞ በአንድ ሰላምታ ጡረታ አስወጥተውታል። እኔንም አርባ ስምንት በሆንኩ ቁጥር፣ ዓሣዬን እንዳንጠለጠልኩ ገበያ መሀል ሃምሳ ሦስት ያደርጉኛል። "እትዬ፣ ቀኑን እንኳ ይተዉልኝ" ብዬ ለምኜ ነበር።

"ቀኑን ከተውኩትማ ምኑን ዕድሜ ሆነ?"

ባለፈው ኅዳር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራህማ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ልትከትብ መጣች። አግዳሚውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ አንዲትም ልጅ እንዳትቀር ፈልጌ ነበር። የልደት ወረቀት ያላቸው ጥቂት ስለሆኑ፣ እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠረጴዛው አጠገብ ተሰየሙ።

"ዘጠኝ ከአንድ ወር፤ ክተቢ። ይቺ ስምንት ናት፣ ቁመቷ አያታልልሽ፤ ለከርሞ ትምጣ።"

ኑርዬ ልጁን ሂዳያን ወደ ኋላው ሳብ አደረጋት። "የኔዋ አሥራ አምስት አልፏታል።"

"በሬህ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ በታንኳ ያወጣነው ሰሞን ነው የተወለደች። አሥራ ሦስት ከስምንት ወር ከአሥር ቀን። ለበሬው ከነልብስህ ዘለህ የገባህ ሰውዬ፣ ለልጅህ መርፌ ፈራህ?"

ሰዉ ሳቀ። ኑርዬም ሊስቅ ዳዳውና ተወው። "መርፌው ያመክናል ይላሉ፣ እትዬ።"

"ማን ነው የሚል? የሳምሪን ነገር ረሳኸው?"

ሳምሪ ልጄ ነበረች። ድምፅዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሻካራ ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ኪንታሮት ያለ ሥጋ ይበቅል ነበር፤ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ጊዜ አወጡላት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሶ በቀለ። በስድስት ዓመቷ አረፈች። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ አምጪው ይኸው ክትባት የሚከላከለው ቫይረስ ነው፤ እናት ሳታውቀው፣ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጃገረዶቻቸውን ቀድመው በከተቡ አገሮች፣ ድሮም ብርቅ የነበረው ይህ ሕመም ይበልጥ እየጠፋ ነው። ይህን ለእትዬ ተሻለች አንድ ጊዜ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለሰፈሩ ስንት ጊዜ እንደነገሩት እንጃ።

"ትወልዳለች" አሉት ኑርዬን። "የምትወልደውም ልጅ በጥሩ ጉሮሮ እየጮኸ እንቅልፍ ይነሳሃል። መርፌው ለዚያ ነው።"

ሂዳያ እጅጌዋን ሰበሰበች። አባቷ አልያዛትም።

ሥራው ሲያልቅ ራህማ "የቀረች አለች?" አለች።

እትዬ ተሻለች ወደ እኔ አላዩም። "ሳምሪ ብትኖር አሥራ ሁለት ከአራት ወር ነበረች። ዛሬ ትከተብ ነበር።"

እኔ ስድስት ላይ አቁሜ ነበር። እሳቸው ለካ እየቆጠሩላት ኖረዋል።

"ከስንት ቀን?" አልኳቸው።

"ከሦስት።"