ከማይታወቅ ቁጥር የመጣው ቪዲዮ

እዚህ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈሳል፤ ክቡር ወልደጊዮርጊስ ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ ቪዲዮ በገዛ ስልካቸው ከፈቱ፣ አዩ፣ ይባስ ብሎም አለቀሱ። እኔ አላመንኩም። በሐምሌ ሪያድ ላይ ብርድ ልብስ ከገበያ ጠፋ ቢሉኝ ማመን ይቀለኝ ነበር።

ሐበሻ ባለበት ሁሉ አንድ «አትክፈቱት!» የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡርነታቸው ቀን ዐዚዚያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቀይራሉ፤ ከሥራ ሲወጡ የስልኮቻችን ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ናቸው።

የተሾሙት በፈረንጆቹ 2015 ሐምሌ ነው። ስልክ ውስጥ የቪዲዮ ፋይል የምታነብ፣ ፕሮግራም ሠሪዎች «ላይብረሪ» የሚሏት የኮድ ቁራጭ ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ እንደተገኘባት ሰሙ። ጥገናው የሚላከው ለአዳዲስ ስልኮች ነው፤ የእኛ ደግሞ ሁሉም አሮጌ። ማታ ማታ የምንሰበሰብበት ሻይ ቤት መሀል ቆመው አስረዱን፦

«ፋይሉ በር ላይ ‹አንድ እንግዳ ነኝ› ይላል። ላይብረሪዋ የዋህ ናት፤ ሳትቆጥር አንድ አልጋ ታነጥፋለች። ሰውዬው ሰባት ወንድሞቹን አስከትሎ ይገባል! አልጋው ሲሞላ ኮሪደር፣ ኮሪደሩ ሲሞላ ቁልፍ የተሰቀለበት ክፍል። ኸላስ፣ አለቀ! ከዚያ ወዲያ ቤቱ የማን ነው?»

አንድ ክፍል ለስምንት የምንኖር ሰዎች ነንና ወዲያው ገባን።

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ቪዲዮ በቃል የሚተረክላቸው ብቸኛ ሰው ሆኑ። ጓደኛችን ባንቴ የሠርጉን ቪዲዮ ቢልክላቸው ደውለው «ወንድሜ፣ እስቲ ምን ምን አለበት?» አሉት። ምስኪኑ ሙሽራዋን፣ ኬኩን፣ ጭፈራውን አርባ ደቂቃ ተረከላቸው። «ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ» ብለው ፋይሉን አጠፉት።

ታዲያ ሩቂያ ያጫወተችኝን ስሙ። ሩቂያ ራውዳ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ወንድ ልጇን በስምንት ወሩ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። አሁን መራመድ ጀመረ፤ አንድ መንገደኛ ቀርጾት እሷ ከማታውቀው ቁጥር እንደላከላት እናቷ ነገረቻት። ብታጠፋው ሁለተኛ አታገኘውም። ከፍታው ስልኳ ቢበላሽ ደግሞ ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ሌላ ነገር የላትም።

ወደ ክቡርነታቸው ሄዳ «ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለቻቸው።

«እንዳትነኪው እህቴ!»

ቪዲዮው ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ከስልኳ ነቅለው፣ የራሳቸውን ስልክ ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቷል።

«ያላ፣ ክፈቺው፤ ሰላም ነው» አሏት። «ጎበዝ ልጅ ነው ያለሽ፤ ግድግዳ እንኳ አልያዘም።»

ሩቂያ ይህን ስትነግረኝ ቪዲዮውን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ እያየች ነበር። እኔ ለወንድሜ ልጅ እንኳ ስልኬን እንዲህ መማገዴን እንጃ። ወሬውን በዚህ ሁሉ ሳቅ መስማቴ አሳፈረኝና በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለሩቂያ ብለው የራስዎን ስልክ አጋፈጡ አሉ?»

ሻያቸውን ገፋ አደረጉት።

«ማነው ስሜን የሚያጠፋው? አልከፈትኩም። አላየሁም። አላለቀስኩም።»