ወይዘሮ አዛለች የአቶ በዕውቀቱን የዘር ቆጠራ ከፍላሽ ያወጡበት ዜና

ዓመታትን ከነመነሻቸው የሚያውቅ አምላክ ይመስገንና፥ ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ ሦስተኛው ዓመት፥ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፥ በወርኃ ጥር፥ ኤክስፒ የተባለው ዊንዶውስ በሞላሌ ጠረጴዛዎች ላይ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፥ የተደረገውን ታላቅ ሥራ እጽፍ ዘንድ ብዕሬን አነሣሁ። እኔ የደብሩ መዝገብ ጸሐፊ ነኝ። በዚያም ቀን ጃንጥላ ይዤ ነበርና ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም፤ የሰማሁትን ብጽፍም ከታመነ ሰው የሰማሁትን ነው።

እኒህ ወይዘሮ አዛለች፥ ዐሥሩን ጣቶቻቸውን ሳያዩ የሚያዘምቱ፥ የማመልከቻ እናት፥ የሥራ ልምድ አዋላጅ፥ በስሕተት የተሰረዘውን አንቀጽ በኮንትሮል ዜድ ከሙታን የሚያስነሡ፥ ቀድሞ በመሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ያገለገሉ፥ ኋላም በሞላሌ መናኸሪያ አጠገብ የራሳቸውን የጽሕፈት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ግዛታቸውም አንድ ኮምፒውተር፥ አንድ ፕሪንተር፥ ሦስት ጊዜ ሳያስል ሥራ የማይጀምር አንድ ፎቶ ኮፒና ለባለጉዳይ የምትሆን አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች።

በዚያም ወራት በዘመሮ የሚያስተምረው ማዕረግ የሞላሌዋን ነርስ ጽናትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፥ እሺ ተብሎ፥ ሰርጉ ለጥር ሃያ ሁለት ቀን እሑድ ተቆርጦ ነበር። የማዕረግ አባት አቶ ምንይሉ፥ ገብሳቸው ብዙ፥ በጋቸው ብዙ፥ ስለ ዘራቸው የሚያወሩት ግን ከገብሱም ከበጉም የሚበልጥ ሰው፥ ሰንጋውን መርጠው ድንኳኑን አስይዘው፥ በጥር ዐሥራ ስድስት ቀን ሰኞ ወደ ሙሽራዪቱ ቤት መጥተው አባቶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ተቀመጡ። እልፍ ብለው ወልደ ሐና ከሚባለው አባታቸው ላይ ሲደርሱ፥ የጽናት አያት እማሆይ አስካለ ማርያም መቁጠሪያቸውን አቆሙና፥ «ወልደ ሐናማ የእኛም አባት ነው» አሉ።

ወልደ ሐና አንድ ሰው ከሆነ ጽናት ለእርሱ ስድስተኛ፥ ማዕረግም አምስተኛ ትውልድ ናቸው፤ ሰባት ቤት አልሞላም፤ ሰባት ያልሞላውንም የሚያጋባ ካህን በመንዝ ምድር የለም። ጽናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣችና ፊቷን ወደ ካቡ አዙራ ቆመች። ሁለቱ ለሦስት ዓመት ተጠባብቀው ነበር፤ እርሷ ትምህርቷን እስክትጨርስ፥ እርሱም ከቆላው ትምህርት ቤት እስኪዛወር።

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፥ የቅኔ መምህር፥ የፊደል ዘበኛ፥ ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ ቦታ የጻፈ ሰው ሲያዩ ምሳ የማይበሉ ሊቅ፥ ነገሩን ሰምተው ይህን አወጁ፦ «የሁለቱ ቤት ዘር ተቆጥሮ፥ ሰባት መሙላቱ በጽሑፍ ካልታየኝ በቀር አላጋባም። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ድንኳኑም ይመለስ፥ ሰንጋውም ወደ መስኩ ይሂድ።»

የዚያን አገር ዘር አንጥረው የሚያውቁት አቶ በዕውቀቱ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገር ግን በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት በወይዘሮ አዛለች ወንበር ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀምጠው፥ የሰባቱን አጥቢያ ትውልድ ከአፋቸው እየነገሩ አስጽፈው ነበር። አርባ ስድስት ገጽ ሆኖ፥ በወረቀት ሳይታተም ቀርቶ ነበር። እንግዲህ ማክሰኞ ጧት ሁሉም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወረዱ፤ መሪጌታ በመቋሚያቸው፥ አቶ ምንይሉ በበርኖሳቸው፥ ማዕረግ በጭንቀቱ፥ ጽናት በዝምታዋ፥ እኔም በመዝገቤ።

ወይዘሮ አዛለችም ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ኮምፒውተራቸው ባለፈው ዓመት በቫይረስ ታሞ በሆዱ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ነበር፤ እሳቸውም የደንበኛው ሁሉ ጽሑፍ በፍላሽ ላይ አለ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለከተማው ምለዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ያችን ፍላሽ ከፍተው አላዩም። ከባዶ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ አወጧት፥ በነጠላቸው ጠረጓት፥ ሰኳት። በውስጧም ምንም አልነበረም። የማኅደሮቹ ስም ብቻ እንደ ጥላ ቀርቶ፥ ሲነኩት የማይከፈት ሆኖ ተገኘ።

ጽናትም በዚያን ጊዜ፥ «ወይዘሮ አዛለች፥ ከጠፋ ጠፋ ይበሉኝ፤ ተስፋ ብቻ አይስጡኝ» አለች።

«የጠፋና የተደበቀ አንድ አይደለም፤ ተቀመጪ» አሏት።

ይህም ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ ነበር፤ ሰነድ አይበላም፥ ሰነድን ሸሽጎ የሐሰት በር ያቆማል እንጂ። ወይዘሮ አዛለችም ከሐሰተኞቹ በሮች አንዱንም ደግመው ሳይነኩ፥ መጀመሪያ ፍላሿን በጸረ ቫይረስ አስፈትሸው፥ ከዚያ ወደ ማኅደሩ ማስተካከያ ገብተው፥ «የተደበቁትን አሳይ» የሚለውን ነጥብ መረጡ፤ ስሙ ብቻ ሲያስፈራ የኖረው የሥርዓት ፋይሎች መጋረጃም ተገለጠ። እነሆም የከተማው ጽሑፍ ሁሉ፥ ማመልከቻው፥ ውክልናው፥ የዕድሩ ደንብ፥ ግራጫ ለብሶ እንደ ምርኮኛ ተሰልፎ ታየ። በመካከላቸውም የአቶ በዕውቀቱ ቆጠራ ነበረ። አቶ ምንይሉ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወንድ መሆናቸውን አስታውሰው ዘጉት።

ነገር ግን ሰነዱ ሲከፈት ፊደሉ ፊደል አልነበረም። ባለ ቆብ ኤ፥ ባለ ጅራት ሲ፥ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፥ የነጠላ ሰረዝ መንጋ ገጹን ሞልቶት ነበር። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ሞከሩት፤ ግዕዝም አይደለም፥ ዐረብም አይደለም አሉ፤ በዜማ ቢያነሡት ይከፈት እንደሆነ ብለውም አንድ መስመር በግዕዝ ዜማ አነሡት፤ አልተከፈተም።

ወይዘሮ አዛለች ግን ምክንያቱን ዐወቁ። ያ ጽሑፍ የተጻፈው በአሮጌ የአማርኛ ፕሮግራም ነበር፤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ልብሱን አውልቆ በፈረንጅ ምልክት ይቆማል። ፕሮግራሙ የነበረባትን ሲዲም ከሌሎች አሮጌ ሲዲዎች ጋር ለአንድ ሰው ሰጥተዋታል። ያም ሰው አቶ ምንይሉ ነበሩ። አቶ ምንይሉም ወፍ ያባርሩላቸው ዘንድ ሲዲዎቹን በገብስ ማሳቸው ላይ በክር አንጠልጥለዋቸው ነበር።

ረቡዕ ዕለት አቶ ምንይሉ ራሳቸው በፈረስ ሄደው ዐሥራ አራቱንም ሲዲ አመጡ። በረዶ የመታው፥ ፀሐይ የላጠው፥ ወፍ የተበቀለው ነበር። ወይዘሮ አዛለች የቻሉትን ያህል በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠረጉት፤ የኮምፒውተሩ መሳቢያ ግን እያንዳንዱን እያጉረመረመ መልሶ ተፋው። ማታውን ማዕረግ ከአባቱ ጋር ራት አልበላም ተብሏል፤ ይህን አላየሁም።

ሐሙስ ጧት ወይዘሮ አዛለች ጽሕፈት ቤታቸውን ዘግተው በበሩ ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ለጠፉና፥ ደብረ ብርሃን ሥልጠና በሄዱ ጊዜ አንድ ድረ ገጽ በማስታወሻቸው ጽፈው እንደነበር ተናገሩ፤ አሮጌውን ፊደል ሲያስገቡለት አዲሱን ፊደል የሚያወጣ፥ አዲሱንም ወደ አሮጌው የሚመልስ፥ ማንም የሚጠቀምበት ገጽ ነው። ኢንተርኔት ግን የሚገኘው ከከተማው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ተሰለፉ፤ በፊት ወይዘሮ አዛለች ፍላሿን በመሀረብ ቋጥረው፤ ቀጥሎ የማዕረግ ላፕቶፕ በባና ብርድ ልብስ ተጠቅልላ በአቶ ምንይሉ ፈረስ ላይ፤ ከፈረሱ ግራና ቀኝ ማዕረግና ጽናት፤ ከዚያ መሪጌታ፤ ከዚያ አቶ ምንይሉ በእግራቸው፤ ከሁሉ በኋላ እኔና ጃንጥላው። ሲም የገባባትን የኢንተርኔት መሣሪያ በጃንጥላው ጫፍ ላይ በክር አሰርናት፥ በረጅም ገመድም ከላፕቶፑ ጋር አገናኘናት፤ ወደ ጓሳ በኩል ስናዞራት ሁለት መስመር ኔትወርክ ታየ። እኔም ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቅሁም፤ እጄ እስኪደነዝዝ ድረስ።

የላፕቶፑ ባትሪ አርባ አንድ ከመቶ ነበር። ወይዘሮ አዛለች መጀመሪያ ገጹ ይቀልላቸው ዘንድ ሥዕል እንዳይመጣ ከለከሉ፤ የማያስፈልገውን መስኮት ሁሉ ዘጉ፤ ብርሃኑንም ዝቅ አደረጉ። ድረ ገጹ መጣ። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ገጽ በላይ አልቀበልም አለ፥ አንዱም ገጽ እስኪመለስ መንፈቅ የሚያህል ጊዜ ፈጀ፤ ባትሪውም ሠላሳ ሦስት ሆነ። አርባ ስድስቱን ገጽ ለመመለስ ባትሪው እንደማይበቃ ሁላችንም ዐወቅን። ወልደ ሐና በየትኛው ገጽ እንዳለ ግን በዚያ በተመሰቃቀለ ምልክት ውስጥ ማን ያነባል?

ወይዘሮ አዛለች ከዚያ ያደረጉት ነገር ይህን ዜና ያስጻፈኝ ነው። ነገሩን ገለበጡት። ድረ ገጹን ከአዲስ ወደ አሮጌ አዙረው፥ «ወልደ ሀና» ብለው በአዲሱ ፊደል ጻፉለት፤ እርሱም በአሮጌው ምልክት መልሶ ሰጣቸው። ያንን ምልክት ቀድተው ወደ ሰነዱ ወሰዱ፥ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው፥ ይህን የመሰለ ካለ ፈልግ ብለው አዘዙ። ማሽኑም ፈልጎ የለም አለ። ባትሪው ሃያ ሁለት ሆነ። ጽናት የማዕረግን እጅ በሰው ፊት ያዘች፤ ማንም አልገሠጻትም።

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በዚህ ጊዜ ከኋላ ጎንበስ ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። «በምን ሀ ጻፉት?» አሉ።

ወይዘሮ አዛለችም በቁልፉ ቅርብ ባለው በሀሌታው መጻፋቸውን ተናገሩ።

«ሐና በሐመሩ ሐ ነው። በዕውቀቱ ሲያስጽፍ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ይህን አስተካክያለሁ» አሉ መሪጌታ።

ፊደሉ ታረመ። ምልክቱ ዳግመኛ ተቀዳ። ማሽኑም ሦስት ቦታ አገኘ።

ሦስቱ ገጾች አንድ በአንድ ተላኩ፥ አንድ በአንድም አማርኛ ለብሰው ተመለሱ። የመጀመሪያው የጽናት ቤት፥ ሁለተኛው የማዕረግ ቤት ነበር፤ በሁለቱም ወልደ ሐና አለ፤ እማሆይ አልተሳሳቱም። ሦስተኛው ገጽ ሲመጣ ባትሪው ዘጠኝ ነበር። መሪጌታ ጮክ ብለው አነበቡ። ወይዘሮ አዛለች ሲጽፉ ጣታቸውን እንደማያዩ ተናግሬአለሁ፤ በዚያ ቀንም ሐሳባቸው ሌላ ዘንድ ነበረ መሰለኝ፥ ሽማግሌው የተናገሩትን ሁሉ ሳይለዩ ጽፈውት ነበር። እንዲህም ይላል፦

«ልጄ፥ ደከመሽ መሰል፤ ሻይሽን ጠጪ፥ ይቀዘቅዝብሻል። ይህን ደግሞ አትጻፊው። የጊሼው ወልደ ሐና ሌላ ነው፥ የዘመሮው ወልደ ሐና ሌላ ነው፤ ዘራቸው እስከ ዐሥር ብትቆጥሪ አይገናኝም። የዘመሮው የሰው በግ ነድቶ ሌሊቱን መርሐ ቤቴ የወረደው ነው። ልጆቹ እንዳያፍሩ በቃል ብቻ ይቅር።»

የሞተ ሰው ድምፅ በጉብታው ላይ እንዲህ ተሰማ። ወይዘሮ አዛለች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወስደው ነፋሱ ክፉ ነው አሉ። ያን ጊዜ ነፋስ አልነበረም፤ ጃንጥላውን የያዝሁት እኔ ነኝ።

የጊሼው የጽናት ቤት፥ የዘመሮው የአቶ ምንይሉ ቤት ነው። እሳቸውም በገበያ፥ በለቅሶ፥ በደጀ ሰላም፥ አባቶቻቸውን ያለ ነቀፋ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌው ተሳስተዋል ብለው መከራከር ይችሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወልደ ሐና አንድ ይሆናል፥ ሰርጉም ይቀራል። መሪጌታ ዘወር ብለው፥ «አቶ ምንይሉ፥ ይህን ምስክርነት ቤትዎ ይቀበላል?» ብለው ጠየቁ። ማዕረግ አባቱን አላየም፤ ጫማውን አየ። ባትሪው አራት ሆነ። አቶ ምንይሉ በርኖሳቸውን አስተካከሉ፥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቀበላል። የበግ ሌባው የእኛ ነው።»

«ይጻፍ?» አሉ መሪጌታ።

«ይጻፍ።»

ወይዘሮ አዛለችም አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑ፥ ወደ ራሳቸው ኢሜልም ሰደዱት፤ «ተልኳል» የሚለው ቃል እንደታየ ላፕቶፗ ጠፋች።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ አዛለች ቀሪውን አርባ ሁለት ገጽ በሁለት ሳምንት መልሰው፥ በጽሕፈት ቤታቸው በር ላይ ይህን አዋጅ ለጠፉ፦ «የሞላሌ ሰው ስማ። ጽሑፍህን በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ አታኑር፤ አንዱን በፍላሽ፥ አንዱን በኢሜልህ፥ አንዱን በወረቀት አድርግ። ያስቀመጥኸውንም በዓመት አንድ ጊዜ ክፈተው። በአሮጌ ፊደል የጻፍህ ወደ አዲሱ መልስ። ፈልገህ ስታጣ በሌላው ሀ ደግሞ ሞክር። የፕሪንተር ቀለም አለቀ ብለህ ከመጣልህ በፊት ቀስ አድርገህ ወዝውዘው። የይለፍ ቃልህንም በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ አትለጥፍ፤ ይህን የምለው ለማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።»

ሰርጉም በጥር ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። አቶ ምንይሉ እንዳያፍሩ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸው አነሡት። በምሳ ሰዓት ወልደ ሐና የነዳው አንድ በግ ነበር፤ ድንኳኑ ሞቅ ሲል ዐሥራ ሁለት ሆነ፤ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲነሡ አርባ በግ በአንድ ሌሊት ገደሉን አውርዶ አንዱንም አልጣለም እየተባለ ነበር፥ ጽናትም ከሁሉ በላይ ትስቅ ነበር።

ወይዘሮ አዛለችን ግን ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጧቸው። መሪጌታም ተነሥተው እንዲህ ብለው አመሰገኗቸው፤ እኔም እንደ ወረደ ጻፍሁት፦ እመ ፊደላት፥ የተሸሸጉትን ገላጭ፥ ልሳን ለጠፋበት ገጽ ልሳን የሆንሽ፥ የሁለት ቤት አስታራቂ፥ የሙታንን ቃል ለሕያዋን ያደረሽ፥ ዕድሜሽን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው፥ መብራትሽም አይጥፋ። ከሞላሌ እስከ ጊሼ፥ ከጊሼ እስከ መርሐ ቤቴ እንዳንቺ ያለ አልተነሣም፤ የሚነሣም ካለ ጽሕፈት ቤትሽ ጠባብ ነውና፥ ከበሩ ቆሞ ወረፋውን ይጠብቅ።