ቴፕ ለቅሶ ቤት የገባ ዕለት

«ይህ ዕቃ እንባ የለውም፤ እንባ የሌለው ለቅሶ ቤት ገብቶ ምን ሊሠራ ነው ልጄ?» ብለውኝ ነበር እማማ የሺ፣ የእስራኤሏ ከተማ የቂርያት ጋት ሙሾ አውራጅ፣ ቴፓችንን በምርኩዛቸው ጫፍ እየነካኩ።

ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው። አዲስ ነገር እየተንገዳገደ ሲመጣ ቆሞ ይስቃል። ሕፃን ሲድህ የሳቀ ሰው የሚደነግጠው ያው ሕፃን በሩን ከፍቶ ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ነው። እናቶች ታውቁታላችሁ።

መሳቃቸው አልከፋም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣን በዓመቱ፣ በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ ሆነና እማማ የሺ አንዱን ብቻ ደረሱ። ለሌላው፣ ቀደም ሲል ለአንድ ሽማግሌ ሲያለቅሱ ባለቤቴ በካሴት የቀዳውን ድምፃቸውን ይዘን ሄድን። ሟቿ ዕድሜዋን ሸክላ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ካሴቱ ግን «በቅሎህን ማን ይጫናት፣ ጠመንጃህን ማን ያንግተው» ይላል። መሀል ላይ ባትሪው ደከመና የእማማ የሺ ድምፅ የበሬ ግሣት ሆነ። ሐዘንተኛው ነጠላውን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በለቅሶ እንዳይመስላችሁ።

ወሬው ሲደርሳቸው «አላልኩም?» አሉ። ሳምንት ሙሉ ሳቁ።

ሰው ግን ካሴቱን ለመደው። ከአውቶቡስ ማቆሚያ የሚቀበለው አይፈልግ፣ ጉሮሮው አይዘጋ፤ ጎረቤት በቀትር ዕረፍት ሲቆጣም ድምፁ ቀነስ ይደረጋል። እማማ የሺን ቀነስ ለማድረግ የሞከረ አንድ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ አያነጋግሩትም። ኑልን የሚላቸው እያነሰ ሲሄድ ሳቁን ተዉና፣ የሟቹን ስም የማያውቅ ሙሾ ኃጢአት ነው ማለት ጀመሩ።

ከዚያ የወንድማቸው መርዶ ከጎንደር መጣ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው ቤታቸው፤ በለቀስተኛ ሞላ። ሁላችንም በልማድ ዐይናችንን እሳቸው ላይ ተክለን ጠበቅን። የሞተባቸው እሳቸው፣ አልቃሿም እሳቸው! አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ እንቢ አለ። ደግመው ከፈቱ። ምንም። የእናታቸው ልጅ እንደ ባዳ ሳይለቀስለት ሊቀር ነው።

«ያንን... ዕቃሽን አምጪው» አሉኝ ወለሉን እያዩ።

አመጣሁት። በቅሎዋም ጠመንጃውም ቤቱን ሞሉት። ወንድማቸው በቅሎ ኖሮት አያውቅም። እማማ የሺ ግን ደረታቸውን እየመቱ ያነቡ ጀመር፤ በመሀል ቀና ብለው «ሴትዮዋስ ታውቅበታለች» አሉ።

ይሄኔ ቴፑ የካሴቱን ክር በላው። ጸጥ።

«በይ እንጂ ልጄ፣ ገና አልወጣልኝም!»

ወደ ቤቴ ወረድኩ፤ ከልጄ ቦርሳ እርሳስ ይዤ ተመለስኩና እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ፣ እርሳሱን በካሴቱ ቀዳዳ ከትቼ ክሩን ቀስ እያልኩ አጠነጠንኩላቸው።