ፈሳሽ አከፋፋዩ አማች

ከመጠጥ መደብር የሚወጣ ሰው አካሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብ ብላችሁ እዩት። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። መንገድ ሊያቋርጥ የፈለገ መስሎ ግራና ቀኝ ይቃኛል። ከዚያ ጥቁር ፌስታሉን ጎኑ ላይ ለጠፍ አድርጎ፣ ሽንኩርት የገዛ ሰው ፊት ይዞ ይሄዳል። ጠርሙስ ግን እንደ ሽንኩርት ዝም አይልም። ሁለት ከሆነ ይጋጫል፤ ሲጋጭ ደግሞ ድምፁ ከቃጭል ይልቅ ርቆ ይሰማል። ሰውየውን በዚያች ቅጽበት ሳል ይጀምረዋል።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ከውስጥ ሆኜ ነው። ደብረ ማርቆስ የመጠጥ መደብር ውስጥ ሻጭ ነኝ። መደብር ስላችሁ አንዲት ጠባብ ሱቅ እንዳትመስላችሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ የከፈተ፣ ሠራተኞቹን አንድ ዓይነት የሚያለብስ ድርጅት ነው። ልብሳችን አረንጓዴ ቲሸርት ሲሆን፣ ደረቱ ላይ አረፋ የሚተፋ ጠርሙስ ተሥሎበታል። ደንበኛ ሲገባ "እንኳን ደህና መጡ፤ ዛሬ በምን እናስደስትዎ?" እንድንል ታዘናል። ለዚህም ባሕር ዳር ድረስ ሄደን የፈገግታ ሥልጠና ወስደናል። አሠልጣኙ ራሱ ሲስቅ ግን አላየሁትም።

ችግሩ ደንበኛው መደሰቱ እንዲታወቅበት አለመፈለጉ ነው። በእኛ ከተማ ለራሱ መጠጥ የሚገዛ ሰው የለም። አንዱ ለእንግዳ ነው፤ ሌላው ለአለቃው ስጦታ ነው፤ ሦስተኛው ጉንፋን ይዞት ነው። በየሳምንቱ እንግዳ የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ እንግዳው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔ ፈገግ እያልኩ አምናለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማመን ጭምር ነው። እነዚሁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ወዲያው አንጋጠው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። በደብረ ማርቆስ እንደ እኔ ብዙ ሰው ወደ ሰማይ እንዲመለከት ያደረገ ሰባኪ ያለ አይመስለኝም።

አልቀየማቸውም፤ እኔም አፍራለሁና። የዲማ ልጅ ነኝ፤ ድቁና ተቀብያለሁ። ማኔጅመንት ተመርቄ ሥራ ሳጣ፣ ሳጣ፣ ሳጣ፣ ያገኘሁት ይህን ነው። "የት ነው የምትሠራው?" ስባል "ድርጅት ውስጥ" እላለሁ። "የምን ድርጅት?" ብሎ የሚጨምር ሰው ካለ ስልክ ይደወልልኛል፤ ማለቴ የተደወለልኝ አስመስላለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የማንን ልጅ ይወድ ይመስላችኋል? የቅኔ መምህር ልጅ! ትርንጎ ደብረ ወርቅ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አባቷ የኔታ ስሜነህ ከከተማዋ ወረድ ብላ ባለች ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ትርንጎ ሥራዬን ከመጀመሪያው ታውቃለች። "ለአባቴ አንተው ንገራቸው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰሙ" አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። በመንገር ፋንታ ግን ሽማግሌ ላክሁ።

የሽማግሎቹ መሪ አጎቴ አያ ደምሴ ነበር። አያ ደምሴ በመንደራችን ውሸት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ይባላል። "ነጋዴ ነው ብለህ እለፈው" ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። "በዚህ በሽበቴ ልዋሽ? አላደርገውም" አለኝ። "ግን አንተም እውነቱ አይነገር ካልክ፣ መሐል ለመሐል እሄድበታለሁ።"

ሄደበትም። የኔታ "ልጁ በምን ይተዳደራል?" ብለው ሲጠይቁ፣ አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ፈሳሽ በጅምላና በችርቻሮ የሚያከፋፍል፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው አለ። እስቲ ከዚህ ውስጥ ውሸቱን አውጡልኝ።

ግን በዚህ ዘመን ፈሳሽ ሲባል ምን ይታሰባችኋል? መኪናው ከማደያ እስከ አደባባይ ተሰልፎ በሚያድርበት ጊዜ? የኔታ "ፈሳሽ!" ብለው ብድግ አሉ አሉ። ወደ ባለቤታቸውም ዞር ብለው "ነዳጅ ላይ ነው" ሲሉ ተረጎሙላቸው። ልጅቷ በዚያው ተሰጠችኝ።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት ከቀለበቱ በኋላ የኔታ ስልክ የደወሉልኝ ዕለት ነው።

"ሥራ እንዴት ነው ልጄ? እጥረቱ በርትቷል ይባላል።"

"አዎ የኔታ፤ የጭነት መኪናው ሲዘገይ እንቸገራለን።"

"ሰልፉስ?"

"በዓል ሲደርስ ይበዛል።"

"ሽታው አላስቸገረህም?"

"ለምጄዋለሁ።"

"እሳት እንዳይነካው ብቻ አደራህን፤ ሰው ይፈጃል።"

"አንዳንዱ እሳት ሳይነካውም ይፈጃል፣ የኔታ።"

እሳት የምትለዋ ቃል ላይ ነገሩ ገባኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። ግን የቅኔ መምህር "ልጄ፣ ለአገር የምትጠቅም ሰው ነህ" ሲላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ልስማው ብዬ ዝም አልኩ።

ብዙም አልቆየሁበትም። አንድ የገበያ ቀን የቢራ ሳጥን ስደረድር በሩ ተከፈተ። ሥልጠናው ከአጥንቴ ገብቷልና ቀና ሳልል "እንኳን ደህና መጡ፤ ዛሬ በምን እናስደስትዎ?" አልኩ። መልስ ሲጠፋ ቀና አልኩ። የኔታ ስሜነህ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በግራና በቀኝ እጃቸው ሁለት ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥለው ቆመዋል። የድርጅቱን ስም ለባጃጅ ሹፌር ነግረውት፣ እሱ ሳያንገራግር በራችን ላይ አውርዷቸዋል። ስማችን ካሰብኩት በላይ የታወቀ ነበር።

መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥለው ደረቴ ላይ ያለውን ጠርሙስ አዩ። ከዚያ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ብራና ገጽ እያነበቡ ወረዱ። ይህ ሳያንሰኝ የቅርንጫፋችን ኃላፊ ወይዘሮ በላይነሽ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ በባሕር ዳሩ ፈገግታ "አባቴ፣ ወይን ነው? ደረቅም አለን፣ ጣፋጭም አለን" አለቻቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አመስግኜ የምገባባት ሰዓት ነበረች።

"የትርንጎ አባት ናቸው" አልኳት በሹክሹክታ።

ወይዘሮ በላይነሽ ደነገጠች። "ውሃም እንሸጣለን እኮ!" አለች።

የኔታ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ጄሪካኖቹን መሬት ላይ አስቀመጡና "ፈሳሽ" አሉ። "ያ ሽማግሌ እውነቱን ነው። ፈሳሽ ነው።" ቀጠሉም፦ "ዕድሜዬን ሙሉ፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልፈታ ተማሪ ሲገጥመኝ ስገሥጽ ኖሬ፣ አንድ ገበሬ በአንዲት ቃል ይርታኝ?"

ቀለበቱን መልስ እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን ጄሪካኖቹን እያዩ፣ "አሁን እነዚህን ባዶ ይዤ በየት በኩል ነው የምገባው?" አሉ። የደብሩ ወፍጮ ናፍጣ አጥቶ ቆሟል። የኔታ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመው "አማቼ ነዳጅ ላይ ነው፤ እኔ አመጣላችኋለሁ" ብለው ተናግረዋል። ለካ መደብሩ ውስጥ ያፈርነው ሁለት ነበርን።

ወይዘሮ በላይነሽን አስፈቅጄ ማደያ ሄድን። ሰልፍ ስንገባ የኔታ ደረቴን አየት አደረጉና ጋቢያቸውን አውልቀው "ብርድ ነው፤ ልበስ" አሉኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለበስኩት። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያላበኝ ጊዜ የለም፤ ሙቀቱ ግን ግማሹ ነው ከጋቢው።

የባሰው ሰልፉ ነበር። መንገድ ላይ የማያውቁኝ ደንበኞቼ ሁሉ እዚያ አሉ። አንድ ርእሰ መምህር "ዛሬ ዝግ ነው እንዴ?" ብሎ ሊጨብጠኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ አጠገቤ ያለውን ጥምጥም አየና ሳል ጀመረው። ቀጥሎ አንድ የእህል ነጋዴ ሳለ። ቀጥሎ አንድ የማኅበር ሰብሳቢ።

"ይህ ሁሉ ሰው ጉንፋን ይዞታል?" አሉ የኔታ።

"ወቅቱ ነው የኔታ።"

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል ያየሁ መሰለኝ። የቅኔ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ አይሸወዱም።

ተራችን ሊደርስ አንድ መኪና ሲቀር ቀጂው ቧንቧውን ሰቀለና "አልቋል" አለ።

የኔታ ጄሪካኖቹን አንሥተው ወደ መናኸሪያ መንገድ ጀመሩ። እኔም ወደ ጎን ወጥቼ ለትርንጎ ደወልኩ።

"አባትሽ መደብሩ ድረስ መጥተው አዩኝ" አልኳት።

"አንተ ነገርካቸው ወይስ እሳቸው አዩህ?"

"አዩኝ።"

"እና መቼ ነው የምትነግራቸው?" አለችና ዘጋችው።

በዚህ መካከል የኔታ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው፣ ጄሪካኖቹን እግራቸው ሥር ሊደብቁ ሲሞክሩ በመስኮቱ አየኋቸው። ሰው እንዲህ ሲደብቅ በየቀኑ አያለሁ፤ እሳቸው ላይ ሳየው ግን መቆም አልቻልኩም። ዘልዬ ገባሁ። ጋቢያቸውን መለስኩላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ ያለው ጠርሙስ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያይ ሄደ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ደረስን። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሕዝብ፣ አህያና ጆንያ ተደባልቆ ይጠብቃል። የኔታን ሲያዩ ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ጄሪካኖቹ ባዶ መሆናቸው እስኪታይ ቀጠለ፤ ከዚያ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እየከሰመ ሄደ። የኔታ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ቀደምኳቸው።

"የኔታ አልዋሹም፤ በእኔ ጥፋት ተሳስተው ነው" አልኩ። "ነዳጅ ላይ አልሠራም። ደብረ ማርቆስ መጠጥ ነው የምሸጠው። ይህንኑ መናገር አፍሬ ነው።"

አህዮቹ እንኳ ያፈሩልኝ መሰለኝ። ከፊት የቆሙ አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ማርያም፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ።

"ናፍጣው አልመጣማ?"

"አልቋል እማሆይ።"

"ይኸ ነው እንጂ ነገሩ!" አሉና ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ስለ መጠጡ ግን ማንም ምንም አላለም። ላቤን ያፈሰስኩበት ኑዛዜ ሰሚ አጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። እማሆይ ግን ትንሽ ቆይተው ድንገት ቀና አሉ። "ቆይ፣ መጠጥ ነው አልከኝ ሥራህ?"

"አዎ" አልኩ፤ አንገቴን ደፋሁ።

"ታዲያ ና፤ የሙያው ሰው አይደለህ? እስቲ እየው" ብለው የጆንያውን አፍ ፈቱት።

ብቅል ነው። ቀጥሎ ያለውም ጆንያ ብቅል ነው። ከዚያም ወዲያ ያለው ብቅል ነው። የደብሩ ንግሥ ደርሷል፤ የአገሩ ጠላና አረቄ እንዳለ ናፍጣ አጥቶ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሟል። እኔ አንገቴን የምደፋበትን ነገር፣ ሰዉ በአህያ ጭኖ ወረፋ ይዞለታል።

ስለ ብቅል የማውቀው ነገር የለኝም። የእኔ ሙያ ቆርኪ መክፈት ነው፤ እሱንም መደብሩ ውስጥ ተከልክለናል። ግን ደብሩ በሙሉ አፌን እያየ ምን ላድርግ? ትንሽ ዘግኜ አኘክሁ። ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። "ደርሷል እማሆይ፤ በጣም ጥሩ በቅሏል" አልኩ።

እልልታው እንደገና ተነሣ። እማሆይ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ የኔታ አመለከቱ።

"የኔታ፣ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ምን ያዩበታል? ልጅቷን ይስጡት እንጂ!"

የኔታ ባዶ ጄሪካናቸውን እንደያዙ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እሷንስ ሰጥቼዋለሁ፣ እማሆይ" አሉ። "የቸገረኝ ናፍጣው ነው።"